ሞላውን አታጠንክሩት

«ኢንጂነር፣ ይሄማ ሞላው ሞቷል!»

ይህን ያለኝ የጎረቤታችን ሹፌር ነው። ዕድሜው ከአባቴ ብዙም ስለማያንስ ጋሼ ነው የምለው። ሆሳዕና፣ ከግቢያችን ጀርባ፣ ለቤት መሠረት ተብሎ የተራገፈ የድንጋይ ክምር አለ። ቤቱ ሳይጀመር ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ድንጋዩ ግን እኔን ጠቅሞኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክንዴን የምታክል መኪና እዚያ ላይ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ጋሼ አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና ገባ፤ መኪናዋን በአንድ ጣቱ ጣሪያዋን ተጫናት። ሰመጠች። ጣቱን ሲያነሳ ቀስ ብላ ተመለሰች። ያኔ ነው ሞላው ሞቷል ያለው። አስከትሎም፣ «ደግሞስ ልጅ ወልደህ ለልጅህ ብትገዛ አይሻልም?»

ሁለተኛዋን ለምጃታለሁ። የመጀመሪያዋ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ጋሼ ሃያ ምናምን ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ለእሱ የሚሰምጥ ሞላ የሞተ ነው፤ የማይሰምጥ ሞላ ደግሞ ሕያው። ይህ የእሱ ብቻ አስተሳሰብ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ግን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ዶዮገና፣ ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ የሚሰማው አንድ ምክር ነው፦ «አንድ ባሌስትራ ጨምርበት።» ባጃጅ ሲሰምጥ ሞላው ይቀየር፣ በወፍራም። ሚኒባስ ሲሰምጥ ይደረብበት። አይሱዙ ሲሰምጥ፣ እንዴ፣ ምን ጥያቄ አለው!

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ አታጠንክሩት። ይህን ያስተማረችኝ ያቺ «መጫወቻ» ናት እንጂ ዲግሪዬ አይደለም።

ክሮለር ምንድን ነው ለምትሉ፣ በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ ለፍጥነት ሳይሆን ድንጋይ ለመውጣት የተሠራች መኪና ናት። የተለመደው መጠን የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ ነው። አክሲያል የሚባለው ኩባንያ ኤስ ሲ ኤክስ 10፣ ትራክሳስ ደግሞ ቲ አር ኤክስ 4 የሚሏቸውን ይሠራሉ፤ ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። ሁለቱም አክስሎቿ እንደ ጭነት መኪና ድፍን ናቸው፤ የግራው ጎማ ከፍ ካለ የቀኙ መዘቅዘቁ አይቀርም። አክስሎቹን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዟቸው ዘንጎች ናቸው። ክብደቱን የሚሸከሙት ደግሞ ዘይት የተሞሉ አራት ትንንሽ አሞርዛተሮችና በላያቸው የተጠመጠሙ ሞላዎች ናቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሞተሯ ከትልቅ መብሻ ሞተር አይበልጥም። ጥበቡ በሙሉ ያለው ሞላው፣ ዘይቱ፣ ዘንጉና ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

የእኔዋ የመጣችው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ሀዲያና ከምባታ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ጆሃንስበርግ ወይ ደርባን ዘመድ የሌለው ሰው እዚህ ማግኘት ይከብዳል። የአክስቴ ልጅ ሱቅ አለው፤ አንድ ደንበኛው በዕዳ አስይዟት የቀረችውን መኪና ለሚመጣ ሰው ሰጥቶ ላከልኝ። «አንተ መሐንዲስ ነህ፣ ትሠራታለህ» ብሎ። አንድ ጎማዋ የለም፣ ሁለት አሞርዛተር ያፈሳል፣ መሪዋን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ተቃጥሏል። እሱ ራሱ የሄደው በጭነት መኪና ተጭኖ ነው። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው የተገኙ ጊዜ፣ አክስቴ ድምፁን እስክትሰማ ሦስት ቀን ወሳ አልቀመሰችም። ስለዚህ «ቅንጦት ነው» የምትሉኝ፣ ይህች መኪና በምን መንገድ እንደመጣች እኔ አውቃለሁ። እንደ ቅንጦት ይዣት አላውቅም።

ጠግኜ ሳበቃ የሠራሁት የመጀመሪያ ነገር ምን ነበር? ሞላውን ማጠንከር። አዎ፣ እኔም! ከተበላሸ ፕሪንተር ጠንካራ ሞላ አውጥቼ፣ ቆርጬ ገጠምኩ። አሞርዛተሮቹ ውስጥ ደግሞ የሲሊኮን ዘይት እዚህ ስለማይገኝ የሞተር ዘይት ሞላሁባቸው፤ ወፍራሙን መረጥኩ፣ «ጠንካራ እንዲሆን»። ቆማ ስትታይ ታምራለች። ከፍ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ። ስትገፋት ንቅንቅ የለም።

ድንጋዩ ላይ ግን ጡጫ የሚያክለውን እንኳን ማለፍ አቃታት። የፊት ግራ ጎማዋ ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ሞላው አልታጠፍ ስላለ ሻንሲው ራሱ አብሮ ተነሳ፤ ሻንሲው ሲነሳ የኋላ ቀኝ ላይ ተደገፈ፤ የቀሩት ሁለት ጎማዎች አየር ላይ ተንጠለጠሉ። አራት ጎማ የነበራት መኪና በሁለት እግሯ ቆመች ማለት ነው። ከዚያ ግልብጥ። በአንድ ከሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፤ የሚያየኝ የሠፈር ልጅ ደግሞ አሥራ አራት ነው ብሎ ይምላል። በሦስተኛው ሳምንት የሞተር ዘይቱ የአሞርዛተሮቹን የጎማ ቀለበቶች አሳብጧቸው ዘንጎቹ ተነክሰው ቀሩ።

የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። የሞላ ሥራ መኪናን ቀጥ አድርጎ ማቆም ብቻ አይደለም። አራቱም ጎማዎች መሬቱን ሳይለቁ ክብደቱን እንዲካፈሉት ማድረግ ነው። መሬት ያልነካ ጎማ አይነዳም፣ አያቆምም፣ አይታጠፍም። ድንጋይ የበዛበት መሬት ደግሞ ጎማውን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይፈልገዋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ዘልቆ መሬቱን እንዲፈልግ። ጠንካራ ሞላ ይህንን አይችልም። ክብደቱ ትንሽ ብቻ ነው የሚያሰምጠው፤ ትንሽ ብቻ ከሰመጠ ደግሞ ወደ ታች የሚዘረጋው ትንሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁሉንም ገለበጥኩት። የስክሪፕቶ ሞላ ገጠምኩ። እውነቴን ነው፣ ከሱቅ የሚገዛው ስክሪፕቶ ውስጥ ያለውን፣ ሁለት ሁለቱን አቀጣጥዬ። ቆማ እያለች ከሙሉ እንቅስቃሴዋ ሲሶው ያህል በራሷ ክብደት እንድትሰምጥ አደረግኩ። ባትሪውን ከላይ አውርጄ ከፊት አክስሉ በላይ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ ጎሚስታው ጋ ሄጄ፣ ጎማ ባላንስ ሲደረግ ቸርኬ ላይ የሚለጠፈውን አሮጌ እርሳስ ለመንኩ። (ጎሚስታው «ለዓሣ ማጥመጃ ነው?» አለኝ። ሆሳዕና ላይ የምን ዓሣ!) እርሳሱን በአራቱም ቸርኬዎቿ ውስጥ ለጠፍኩ። ክብደቱ ከሞላው በታች ስለሆነ ሞላው አይሸከመውም፤ መኪናዋን ወደ መሬት ይጎትታታል እንጂ። ለፈጣን መኪና ይህ ጥፋት ነው፤ ጎማው የመንገዱን እብጠት ተከትሎ ቶሎ መውረድ ያቅተዋል። በሰው እርምጃ ለምትሄድ ክሮለር ግን ጽድቅ ነው። እነሆ፣ ጋሼ «ሞቷል» ያላት መኪና ይቺ ናት። የጉልበቴን ግማሽ የሚደርስ ድንጋይ ትወጣለች።

አሁን ወደ ትልቁ መኪና ልምጣ።

ባሌስትራ የተደራረበ ብረት ነው። ስድስት እኩል ብረት ባለው ላይ ሰባተኛ ብትጨምሩ ጥንካሬው አንድ ስድስተኛ ያህል ይጨምራል። ይህ መለስተኛ ጥፋት ነው። የባሰው ብረቱን በወፍራም መቀየር ነው፤ ምክንያቱም የባሌስትራ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ሳይሆን ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። 8 ሚሊሜትር የነበረውን 10 ብታደርጉት «ሁለት ሚሊ ብቻ» ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የጥቅል ሞላ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፦ የሽቦው ውፍረት አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ባጃጁ ላይ «ትንሽ ወፈር ያለች» ብሎ ሞላ የሚቀይር ሰው የሚያደርገውን አያውቀውም።

እና ምን ይሆናል? መኪናው ሲጫን ጥሩ ይመስላል። ማታ ባዶውን ሲመለስ ግን ሌላ መኪና ነው። አንድ ቀላል ሒሳብ አለ፤ ቤታችሁ ሞክሩት። መኪናው በራሱ ክብደት ሞላው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሰምጥ ለኩ፣ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ 5ን ለሱ አካፍሉ። የምታገኙት መኪናው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነጥር ነው። 10 ሴንቲ የሚሰምጥ በሰከንድ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ይነጥራል፤ ሰው የሚችለው፣ ጎማም መሬት የማይለቅበት ዓይነት ነው። 2 ሴንቲ ተኩል ብቻ የሚሰምጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ይነጥራል። አሞርዛተሩ ደግሞ ለድሮው ሞላ የተሠራ ነው፤ አዲሱን ማረጋጋት አይችልም። ባዶ አይሱዙ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ኋላው ሲጨፍር፣ ሲንኳኳ፣ ወደ ጎን ሸርተት ሲል አይታችኋል አይደል? የሚጨፍረው ጎማ በከፊል አየር ላይ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን የለውም። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ጎማው ይታሰራል፣ መኪናው ይዞራል። ከዚያ ሰው «ፍሬን እምቢ አለው» ይላል። ፍሬኑ ምን ያድርግ? የሚይዘው መሬት የለም።

እዚህ ጋ ሁሌ የሚመጣ ክርክር አለ፣ ጋሼም አምጥቶታል፦ «ፋብሪካው የሠራው ለጃፓን መንገድ ነው፤ የእኛን መንገድ ያውቀዋል?» ክርክሩ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ተገልብጦ የቆመ ነው። መጥፎ መንገድ የሚፈልገው ለስላሳና ረጅም ሞላ እንጂ ጠንካራና አጭር አይደለም። ጠንካራ ሞላ የሚያምርበት እንደ መስተዋት የተላሰ መንገድ ላይ ነው፤ ለእሽቅድምድም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቋት ሲትሮየን ዱ ሼቮ ለገበሬ ስትታቀድ፣ በታረሰ ማሳ ላይ ቅርጫት ሙሉ እንቁላል ይዛ ሳይሰበር እንድታልፍ ተብላ ነው። ስትጫኗት እንደ ፍራሽ ነበር የምትሰምጠው፤ ጋሼ ቢያያት ሬሳ ናት ይላት ነበር። የምንምልበት ላንድክሩዘር 70 እንኳን እ.ኤ.አ. በ1999 የፊት ባሌስትራውን ጥሎ በጥቅል ሞላ ተክቶታል። ማርስ ላይ ያሉት የናሳ ተሽከርካሪዎችማ ጨርሶ ሞላ የላቸውም፤ ስድስቱ ጎማዎች እንደ ሚዛን በሚወዛወዙ ክንዶች ክብደቱን ይካፈሉታል። ማርስ ላይ አስፋልት የለም። ከእኛ ኮረኮንች የባሰ ነው። እና እዚያ ማንም አልሄደም «ባሌስትራ ጨምርበት» ያለ።

ፍትሐዊ ልሁን። ጋሼ ቂል አይደለም። መኪናው የእሱ አይደለም፤ የባለንብረቱ ነው። ባለንብረቱ የሚከፈለው በኩንታል ነው። ከዶዮገና ድንች፣ ከገጠሩ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ሞላው ሰምጦ ሻንሲው አክስሉን ሲመታ ባሌስትራ ይሰበራል፤ የተሰበረውን የሚያስጠግነው ሹፌሩ ነው፣ ከውሎ አበሉ። ስለዚህ ማስጠንከሩ ለእሱ ትክክል ይመስላል፤ ችግሩንም ለጊዜው ይፈታለታል። ይህን አልክድም።

ግን የመኪና አቅም ሞላው ብቻ ነው እንዴ? አክስሉ አለ፣ ኩሽኔታው አለ፣ ጎማው አለ፣ ከሁሉ በላይ ፍሬኑ አለ። እነዚህን ማንም አላጠነከራቸውም። የሰመጠው ሞላ እኮ ሲናገር ነበር፦ «በዝቶብኛል» እያለ። ሹፌሩም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ መንገድ ዳር የቆመው ሰውም ከሩቅ የሚያየው ምልክት እሱ ብቻ ነበር። ባሌስትራ ስትጨምሩ ጭነቱን አልቀነሳችሁም፤ ምስክሩን አፉን አስያዛችሁት። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ኃጢአት በደንብ እናውቀዋለን። አንድ ቴስት ፌል ሲያደርግ፣ ኮዱን ማስተካከል ሲያቅት፣ ቀኑ ሲደርስ፣ ቴስቱን ኮሜንት ታደርገዋለህ። ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። አለቃው ደስ ይለዋል። ዓርብ ማታ ይለቀቃል። ቅዳሜ ጠዋት ሲፈነዳ ያየ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ የእኔ ሲፈነዳ አንድ ሰው ገንዘብ መላክ ያቅተዋል። የአይሱዙው ሲፈነዳ ግን ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ሰው በአንድ ወቅት አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የጠራው ለቀልድ ብቻ አልነበረም።

ደግሞ ፋብሪካው ይህን ሁሉ ያላሰበ አይምሰላችሁ። ብዙ የጭነት መኪኖች ከዋናው ባሌስትራ ላይ ረዳት ባሌስትራ አላቸው፤ ባዶ ሲሆኑ አይነካም፣ ሲጫኑ ብቻ ይደገፋል። ባዶውን ለስላሳ፣ ጭነቱን ጠንካራ። እኛ የምንጨምረው ግን ከዋናው ጋር በአንድ ቡሎን ጠፍሮ የሚታሰር፣ ሌሊትም ቀንም የሚሠራ ነው።

ወደ ባጃጅ ልለፍ፤ የከተማችን ግማሽ ሕይወት እሱ ላይ ነውና። ባጃጅ ሦስት ጎማ ነው፤ ከላይ ብታዩት ሦስት ማዕዘን። ጫፉ ፊት ነው። ሦስት እግር ያለው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ አንዱ እግር ከተጠጋ ጎን ለጎን በቀላሉ ይወድቃል፤ ባጃጅም እንዲሁ። የተሠራው ለሹፌሩና ከኋላ ለሦስት ሰው ነው። እኛ ምን እናደርጋለን? ኋላ አራት፣ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ሁለት። ከኋላ የተጨመረው ሰው ሞላውን ያሰምጣል፤ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። አደገኛው ግን የፊቱ ነው። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ክብደቱን ወደ ጠባቡ የማዕዘን ጫፍ ይስቡታል።

በቁጥር እንየው። የኋላ ጎማዎቹ የጎን ርቀት 1.15 ሜትር ገደማ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ 2 ሜትር ገደማ ነው። ለምሳሌ የክብደቱ መሐል ከፊት ጎማው 65 በመቶ ርቀት ላይ ነው እንበል፤ በዚያ ቦታ ከመሐል እስከ ሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ 37 ሴንቲ አለ። ሁለቱ የፊት ተሳፋሪዎች ወደ 55 በመቶ ቢያመጡት 32 ሴንቲ ይቀራል። አምስት ሴንቲ። በእሷ አምስት ሴንቲ ነው ቁልቁለት ላይ በግ ሲገባባችሁ መሪ ተጥመልምሎ የምትተርፉት ወይ የማትተርፉት። ይህን ያወቅኩት በቀመር አይደለም። የክሮለሯን የኋላ ሞላ ሙሉ በሙሉ አውልቄ ነው። ሞላ የሌለው ድፍን አክስል እንደ ልቡ ስለሚወዛወዝ አካሏን ከመገልበጥ አያግዳትም፤ ባለ አራት ጎማዋ መኪና በሥራ ባለ ሦስት እግር ሆነች። ባትሪዋን አንድ ጣት ወደ ጫፉ ሳስጠጋት ቀድሞ የምትወርደው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠች። መልሼ ሳርቃት ወረደች። አምስት ደቂቃ የፈጀ ሙከራ። (ልብ በሉ፣ ለስላሳ ይሁን ስል ሞላ አይኑር ማለቴ አይደለም።)

ሚኒባስስ? ፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫነውን ታውቃላችሁ። የጎማዎቹ የጎን ርቀት 1.5 ሜትር፣ የክብደቱ መሐል ከመሬት 80 ሴንቲ ከፍታ ላይ ያለ መኪና እናስብ። የርቀቱ ግማሽ ለከፍታው ሲካፈል 0.94 ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ተራ ጎማ የሚይዘው የክብደቱን ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ይህ መኪና ጥምዝ ላይ በፍጥነት ከገባ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። ከላይ ስትጭኑና በጠንካራ ሞላ አካሉን ከፍ ስታደርጉ መሐሉ 1.10 ሜትር ደረሰ እንበል፤ ቁጥሩ 0.68 ይሆናል። አሁን ቀድሞ የሚመጣው መገልበጥ ነው። የሚንሸራተት መኪና ሹፌሩን ያስደነግጠዋል፣ ፍጥነት ያስቀንሰዋል። የሚገለበጥ መኪና አያስጠነቅቅም። ይኸው ነው ልዩነቱ፣ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር።

እዚህ ጋ አንድ አስተዋይ አንባቢ «መጫወቻ ከመኪና ጋር እንዴት ይነጻጸራል?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ ሁሉም ነገር አይነጻጸርም። አንድ አሥረኛ የሆነች መኪና ክብደቷ አንድ አሥረኛ አይደለም፣ አንድ ሺኛ ገደማ ነው፤ የምድር ስበት ደግሞ አብሮ አያንስም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሦስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይሆንባታል፤ ስትገለበጥ ለማየት እንኳን ቪዲዮውን ማዘግየት አለባችሁ። የሞላዋን ቁጥር ወስዳችሁ አይሱዙ ላይ መለጠፍ አትችሉም። ግን የመገልበጫ ማዕዘን የሁለት ርዝመቶች ንጽጽር ብቻ ነው፤ መኪናው ሲያንስ ሁለቱም አብረው ያንሳሉ። የማዕዘኑ እውነት በመጫወቻዋም በትልቁም አንድ ነው። የትኛው እንደሚነጻጸርና የትኛው እንደማይነጻጸር መለየት ደግሞ ራሱ ምህንድስና ነው፤ እኔ ግን ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ አላገኘሁትም።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2008 ዓ.ም. ነው፣ ሰባ በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ በተባለበት ዘመን። ኮሮና ዓመቱን በልቶብን በ2013 ወጣሁ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም፤ የሌላው የተሻለ እንደነበር የነገረኝ ጓደኛም የለም። የሞላን ቀመር በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ለፈተና ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሞላ ግን አልነካሁም። ወርክሾፑ ውስጥ የአሞርዛተር መፈተሻ ማሽን ነበር፤ ላስቲኩ እንኳን አልተፈታለትም፣ «ባለሙያ እስኪመጣ»። የመመረቂያ ሥራዬ በተሰረቀ ሶፍትዌር የሌለ መኪናን ሞላ፣ በሌለ መንገድ ላይ ማስመሰል ነበር። ኤ አገኘሁ። ከዚያ ሥራ ስፈልግ አንድም ጋራዥ አልፈለገኝም፤ እኔም አንዱንም አልፈለግኩም። ኮድ ተማርኩ፣ ኮድ ያበላኛል። ክፍል ጓደኞቼም እንዲሁ፤ ያልሆኑት የባንክ መስኮት ላይ ናቸው፣ ወይም የአክስቴ ልጅ ጋ።

በጎን ደግሞ ኩሽኔታ ጎማ አድርገው፣ ጣውላ ቸክለው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ልጆች አሉ። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና የሚሠሩ። እነዚያ ልጆች ስለ ክብደት መሐል እኔ በሃያ ዓመቴ ከማውቀው በላይ ያውቃሉ፤ ስትታጠፍ ወደ ውስጥ ማዘንበል እንዳለብህ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ትምህርት ቤት እናስገባቸዋለን፤ «መጫወት አቁም» እንላቸዋለን፤ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ቀመሩን ሸምድደው፣ ቁልቁለቱን ረስተው ይወጣሉ።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ የመካኒካል ክፍልና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አንድ ክፍል ውስጥ የድንጋይ ጠረጴዛና አምስት ክሮለር ይኑረው። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ በኋላ ዋጋቸው እንደጨመረ አውቃለሁ። ግን ላስቲኩ ላልተፈታው ማሽን ከወጣው አይበልጥም፤ ሻንሲውንና ዘንጉን ደግሞ እኛው ከላሜራ እንቆርጠዋለን፣ ሞላው ስክሪፕቶ ውስጥ አለ። ተማሪው ሞላ ያጠንክር፣ ይገልብጣት፣ ያለስልስ፣ ይውጣባት። ከዚያ ጋራዥ ሲገባ «ጨምርበት» የሚለውን ሰው «ስንት ሴንቲ ይሰምጣል?» ብሎ ይጠይቀው። እኔ እስከዛሬ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ባለጋራዥ አላጋጠመኝም። የዓመት ምርመራ ላይም ባሌስትራ የቆጠረ ሰው አላየሁም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያሉት ያረጃሉ፣ ይጠገናሉ፣ ይቀያየራሉ። እኛ በጋራዥ የምንቀይረው ሞላ ከፋብሪካው ሞላ የሚበዛበት ዘመን እየመጣ ነው። ማን እንደሚቀይረው ይገደኛል።

ጋሼ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። ልጅ ስለመውለድ አላነሳም። ማዘዣውን ተቀብሎኝ ክምሩ ላይ አወጣት፤ ሁለቴ ገልብጧት ሦስተኛው ላይ ጫፍ አደረሳት። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እስቲ ያን ሒሳብህን በእኔ ላይ አድርገው» አለኝ። አይሱዙው ባዶ ነበር። በክሪክ ሻንሲውን ጎማው መሬት እስኪለቅ አነሳነው፣ በሜትር ለካን፣ መልሰን አወረድነው፣ ለካን። የኋላው የሰመጠው ሦስት ሴንቲ እንኳን አይሞላም። ቁጥሩን አወጣሁለት። ሁለት ባሌስትራ እንዳስጨመረ ያኔ ነው የነገረኝ፤ አንዱ የጋሸበ የሌላ መኪና ነው።

«እሺ፣ አወጣዋለሁ» አለ። «ባለቤቱን ግን አንተ ነህ የምታናግርልኝ። እኔ ብነግረው መንዳት ፈርተህ ነው ይለኛል።»

ማክሰኞ ተቀጣጥረናል። መኪናዋንም ይዣት እሄዳለሁ።